«ወድዳ ነው» ያልሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለሃያ ዓመት ያህል በሆዴ ይዤ ኖሬአለሁ፤ ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም። ስናዘዝ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርሁ ይህን እዘለው ነበር። ሥራዬ የሬዲዮ ዘጋቢነት ነው፤ የሆነውን እንደሆነ መናገር ለምጃለሁ። እንደዚያው ልናገር።

እኔ በታናሽ እህቴ ላይ ዋሸሁ። አንጓች ትባላለች።

የተወለድነው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የመሬት ድልድሉ ሲመጣ አባታችን በፊተኛው መንግሥት የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለነበሩ «ቢሮክራሲ» ተባሉና አብዛኛው መሬታቸው ለሌላ ተሰጠ። በዚያው ዓመት ገለታ የሚባል የወፍጮ መካኒክ ሽማግሌ ላከ። ከዓባይ ማዶ መጥቶ ቡሬ የሚሠራ፣ ካቶሊክ፣ ደመወዝተኛ ሰው ነው። አንጓች ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አልፈልግም አለች። አባታችን «እምቢ ካልሽ እረግምሻለሁ፤ ሬሳዬ ላይም አታለቅሺም» አሏት። ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። ቤተሰቡ ዝምታዋን እሺታ ብሎ ወሰደው። እኔ ግን አውቅ ነበር። ከበረቱ ኋላ ይዛኝ ሄዳ «ወንድምዓለም፣ አንተ ተናገርልኝ፤ አንተን ይሰሙሃል» ያለችው እኔን ነው።

ከሰርጉ በፊት የገለታ ቄስ ቡሬ ድረስ መጡ። በእነሱ ደንብ ሙሽሮቹም አንድ ዘመድም ለየብቻ ይጠየቃሉ። አንጓች ገብታ «እሺ» ብላ ወጣች። ቄሱ አልተዋጠላቸውም መሰል፣ እኔን አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ እህትህ ወድዳ ነው ወይስ አባቷን ፈርታ?»

«ወድዳ ነው፣ አባ።»

«አንገቷን ደፍታ ነው እኮ የመለሰችልኝ።»

«የእኛ አገር ልጅ እንዲህ ናት፤ ታፍራለች።»

ብዕራቸውን አስቀመጡና በትዕግሥት አስረዱኝ። «ይህ እንደ ሰማንያ አይደለም። ሲጣሉ ሽማግሌ ተቀምጦ አያፈርሰውም። ጋብቻውን የሚያቆመው የሁለቱ ፈቃድ ነው። ፈቃዷ ካለ ከሞት በቀር የሚለያቸው የለም። ፈቃዷ ከሌለ ግን እኔ ሺህ ጊዜ ብባርክም ጋብቻ አይሆንም። ስለዚህ ደግሜ ልጠይቅህ።»

ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ «ወድዳ ነው» አልሁ። ፈረምሁም።

ለምን? የገለታ ወንድም አዲስ አበባ ቤት ነበረው። ኮሌጅ ስገባ እዚያ እንዳርፍ ቃል ተገብቶልኝ ነበር። አራት ዓመት በዚያ ቤት በላሁ፣ ተኛሁ፣ ተማርሁ። ደግሞም «ቢከፋት ሽማግሌ ያፋታቸዋል» ብዬ አሰብሁ። የአክስቶቼ ሰማንያ ሲፈርስና እንደገና ሲታሰር እያየሁ ነው ያደግሁት። አልገባኝም ነበር ልበል? እንዴት ብዬ! ቄሱ በአማርኛ ነግረውኛል።

ገለታ ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም ተታልሏል። ሰባት ዓመት አብረው ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም፤ ብዙም አልተነጋገሩም። በመጨረሻ ፍርድ ቤት አፋታቸው። እሱ ወደ አገሩ ተሻገረ፤ አንጓች ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። በእነዚያ ዓመታት ግን እኔ ያልገመትሁት ነገር ሆኖ ነበር። የገለታን እምነት ተምራ ከልቧ ይዛዋለች፤ ቆርባለች።

ከዚያ አንድ ሚስቱ የሞተችበት መምህር ላግባሽ አላት። ይህን ጊዜ እውነት ወደደች። «ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም» ሲላት «ከቁርባን ተለይቼ አልኖርም» አለችው። ቤተ ክርስቲያኗ ደግሞ የፍርድ ቤት ፍቺ አይፈታሽም፤ ስታገቢ ተገድደሽ እንደነበር ማስረጃ ከቀረበ ግን ይታያል አለቻት። አባታችን ሞተዋል። ሰነዱ ላይ ያለው የእኔ ቃል ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ወደ እኔ መጣ፦ በጊዜው የሰጡት ምስክርነት እውነት ነበር ወይ?

እኔም «ጊዜው ስለራቀ በትክክል አላስታውስም» ብዬ መለስሁ።

አላስታውስም! የቄሱን ብዕር፣ የተቀመጥሁበትን አግዳሚ ወንበር ሳይቀር አስታውሳለሁ። ግን ያኔ ስም ነበረኝ። ለጀማሪ ዘጋቢዎች «ያላረጋገጣችሁትን አትናገሩ» የምል ሰው ነበርሁ። በሐሰት ፈርሜአለሁ ብዬ በሌላ ወረቀት ልፈርም? አልፈረምሁም። ማስረጃው አይበቃም ተብሎ ፋይሉ ተዘጋ። መምህሩ ሦስት ዓመት ጠበቀ። ከዚያ ሌላ አገባ። ማን ይፈርድበታል?

ባለፈው ዓመት ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። አንጓች ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ተቀበለችኝ።

«እንዴት ነው ጋዜጠኛው? ጎረቤቶቼ ድምፅህን ሲሰሙ የአንጓች ወንድም ውሸት አያውቅም ይላሉ። እኔ ሬዲዮኑን ቀነስ አደርገዋለሁ።»

ታውቅ ነበር። ሁልጊዜም ታውቅ ነበር።

«አስታውሳለሁ» አልኋት።

«መቼ አስታወስህ?»

«ረስቼው አላውቅም።»

መኪናዋን አቆመች። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፤ እኔ ነበርሁበት። ለእነሱ ጻፍ።»

ጻፍሁ። መልሱ የመጣው በቅርቡ ነው፤ የእሷም የእኔም ቃል ታይቶ የመጀመሪያው ጋብቻ ከመነሻውም እንዳልነበረ ተወስኗል። ደብዳቤውን ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። እኔ ሞኙ «እንግዲህ ነጻ ነሽ» አልሁ።

ወረቀቱን አጣጠፈችው። «ከገለታ ጋር ካልተጋባሁ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የታሰርሁት በማን ነው?»

ጥያቄ አልነበረም። መልሱን እሷም አውቃዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ግን አፌን አልከፈትሁም። ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ በቃሌ ከዳኋት፤ ሦስተኛውን በዝምታዬ።

በእኔ ነው፣ አንጓች። ያሰርሁሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ይቅር ብትይኝ የሚቀልለው ለእኔ እንጂ ለአንቺ አይደለም።