ስሜን በእግሬ የተናገርኩበት ግንቦት

ልጅ እያለሁ ከቃል ሁሉ የሚከብደኝ የገዛ ስሜ ነበር። ስሜ መንበረ ነው። ገና "መ" ላይ ስደርስ ሁለቱ ከንፈሮቼ ይገጥሙና አልከፈት ይላሉ። አንገቴ ይገተራል፣ ዓይኔ ይጨፈናል፣ የጠየቀኝ ሰውም አብሮኝ መጨነቅ ይጀምራል። ስሜን የጠየቀ እንግዳ ብዙውን ጊዜ መልሱን የሚያገኘው ከእናቴ ነበር።

የምንኖረው ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳይርቅ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ነበር። አባቴ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከመንዝ ወርዶ በባቡር ጣቢያው ዕቃ መዛኝ ሆኖ ተቀጥሯል። በግቢያችን ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ አደርኛውና አማርኛው ተደባልቆ ይነገራል፤ በአንዱ የተጀመረ ወሬ በሌላው ቢያልቅ የሚገርመው ሰው አልነበረም። እኩዮቼ አራቱን ቋንቋ ሲቀላቅሉ እኔ በአንዱም እንኳ ስሜን መጥራት አቃተኝ። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ተራዬ ሲደርስ እዘላለሁ፤ ስም የሚያስጠራ ጨዋታ ሲመጣ ግን ውኃ የጠማኝ መስዬ ወደ ቤት እሸሻለሁ። እንዲያም ሆኖ ልጆቹ "ጠቦቷ" የሚል ስም አወጡልኝ። "መ… መ…" ስል ሰምተው ነው።

ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። ጠበል ተጠምቄያለሁ። ከምላሴ ሥር ያለውን ጅማት በምላጭ ካልተበጣች አይለቃትም ያሉ ሴትዮ መጥተው እናቴ ከበር መልሳቸዋለች። ሁሉም የሚስማማበት ምክር ግን አንድ ነበር፤ "ቀስ በይ።" አባቴም አፌ በተያዘ ቁጥር "ቀስ በይ መንበር፣ ማን ያባርርሻል? ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል። በደግነት ነው የሚለው። እኔ ግን አልቸኮልኩም ነበር። የምናገረውን አውቀዋለሁ፤ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ቆሟል፤ በሩ ነው ያልተከፈተው። ይህንን ለማስረዳት ደግሞ መናገር ያስፈልጋል።

ጭንቁ የባሰው ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛ ክፍል ሆነን ማለፍ የሚቻለው በሰኔ በዳይሬክተሩና በአስተማሪው ፊት ቆሞ አንድ ገጽ በድምፅ በማንበብ ነበር። ሁለት ዓመት ቆሜ ሁለት ዓመት ወደቅሁ። አስተማሪያችን መምህር ታፈሰ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፊደል የማልለይ መስሏቸው ነው። መጽሐፉን ዓይኔን ጨፍኜ ልወጣው እችል እንደነበር ማን ይንገራቸው? በሦስተኛው ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ አባቴን አስጠርተው፣ ዘንድሮም ካላነበብኩ ወንበሩ ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ ነገሩት። አባቴ ያን ቀን እራቱን ሳይበላ ተነሣ። በማግስቱ ለእናቴ "እንግዲህ እቤት ሆና ሙያ ትማር" ሲላት ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሰማሁ። መጽሐፌን ከትራሴ ሥር ከተትኩት። የሚቀሙኝ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ነው አዴ ሃሊማ ግቢያችንን የሰርግ ቤት ያደረጉት። ሰፈሩ እናት ለማለት አዴ የሚላቸው አዴ ሃሊማ ከእኛ ቤት ትይዩ የሚኖሩ፣ ከፊራ በሚባለው ገበያ ሽንኩርትና ማንጎ የሚሸጡ ባል የሞተባቸው ሴት ናቸው። አገራቸው ዋሂል ነው። የወንድማቸውን ልጅ ዘይነባን እሳቸው ጋ አምጥተው ያሳደጓት ሲሆን፣ በግንቦት መጨረሻ ዋሂል ወስደው ሊድሯት ነው። ድሬዳዋ በግንቦት እሳት ናት። እኩለ ቀን ላይ ሱቁም ሰውም በሩን ዘግቶ ይተኛል። አሥር ሰዓት ገደማ ጥላው ሲረዝም ግን የዘይነባ ጓደኞች አንድ በአንድ እየመጡ፣ ግቢውን ውኃ ረጭተው የሸጎዬ ጭፈራ ይለማመዳሉ። ዛሬም ውኃ የተረጨ አሸዋ ሲሸተኝ ከማንጎው ሽታ ጋር ነው የሚመጣብኝ።

ሸጎዬ ከበሮ የለውም። በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። እግር ነው ምቱን የሚሰጠው፤ ተረከዝ ይመታል፣ ጉልበት ይለጠጣል፣ ከዚያ አንገትና ትከሻ ይከተላሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዘይነባና ጓደኞቿ ደግሞ የራሳቸው ነገር ነበራቸው፤ በተራ እያንዳንዷ ወደ መሐል ትገባና ስሟን በዜማ ትናገራለች፣ ረድፉ ስሟን ተቀብሎ ይመልስላታል። እኔ ደጃፋችን ላይ ተቀምጬ ነበር የማየው። በሁለተኛው ቀን አዴ ሃሊማ ከቅርጫታቸው አጠገብ ቀና ብለው አዩኝና በእጃቸው ጠሩኝ።

"ኮቱ፣ ነይ። እዚህ ጋ ቁሚ።"

ቆምኩ። ምቱን ለመያዝ ጊዜ አልፈጀብኝም፤ ሳየው ስለከረምኩ እግሬ ያውቀው ነበር። ተራው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ግን እንደ ልማዴ ከንፈሬ ገጠመ። እግሬም አብሮ ቆመ። ረድፉ ሁሉ ቆመ። "ቀስ በይ" እስኪሉኝ ጠበቅሁ። አዴ ሃሊማ ተነሥተው መጡና መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ አሳረፉ።

"አፍሽን ተይው" አሉኝ። "እሱ ሲፈልግ ይመጣል። አንቺ እግርሽን አታቁሚ።"

በዕድሜዬ እንደዚህ ያለኝ ሰው አልነበረም። እግሬን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ፤ ረድፉም ቀጠለ፤ ስሜ ሳይጠራ ተራው ወደ ቀጣይዋ ልጅ አለፈ። ማንም አልሳቀም። በሦስተኛውም በአራተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ፤ ተራዬ ሲደርስ ወደ መሐል እገባለሁ፣ እመታለሁ፣ እመለሳለሁ። ሌሎቹ ስማቸውን ሲያወጡ እኔ ተረከዜን አወጣሁ። ፀጉሬ በላብ ግንባሬ ላይ ተለጥፎ፣ ትከሻዬ ቀልሎኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቴ የተቆለፈበት ቤት ሳይሆን የኔ መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን መሐል ገብቼ ስመታ ተረከዜ መሬት በነካበት ቅጽበት "መንበረ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማን ጠራኝ ብዬ ዞርኩ። ረድፉ በሙሉ "መንበረ" ብሎ ተቀበለ። ያኔ ነው የኔው አፍ መሆኑ የገባኝ። ደግሜ መታሁ፣ ደግሞ ወጣ። እናቴ ከጓዳ እጇ ዱቄት እንደሆነ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። በክንዷ ዓይኗን ስትጠርግ ዱቄቱ ፊቷ ላይ ቀረ። እየመታሁ ያባቴን ስም ጨመርኩ፣ የሰፈሬን ስም ጨመርኩ፣ የመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩ። አፍ ከፈታሁ ጀምሮ የታፈነ ወሬ ነበረኝ።

በዚህ መሐል አባቴ ከሥራ ገባ። አባቴ በልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀሰመ፣ ቁጥብ ሰው ነው። ሴት ልጁን በላብ ተጠምቃ፣ አንገቷን እየሰበቀች ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። "መንበረ፣ ግቢ" አለ። ቤት ገብቼ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ለእናቴ "ትምህርቱ ያልሆነላት ይኸው ለጭፈራ ነው" ሲል እሷ ገና አፏን ሳትከፍት አዴ ሃሊማ በሩ ላይ ደረሱ።

"አቶ ወልዴ፣ ልግባ?" አሉ።

"ይግቡ እንጂ" አለ አባቴ፤ ጎረቤቱን የሚያከብር ሰው ነው።

"ልጅህን ያጠፋኋት መስሎህ ተቆጥተሃል። ተቆጣ፣ አባት ነህ። ግን መጀመሪያ ስሟን ጠይቃት።"

አባቴ ግራ ገብቶት ዞረ። ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም፤ አባት ለምን ይጠይቃል? አዴ ሃሊማ ክንዴን ይዘው አስነሡኝ። በባዶ እግሬ የሲሚንቶውን ወለል መታሁ። አንድ፣ ሁለት። "መንበረ ወልደ ማርያም" አልኩ፤ አንድም ቦታ ሳይያዝ።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ወለሉን እያየ፣ ለማናችን እንደሆነ ሳይታወቅ መናገር ጀመረ። "ዜማ ያስተማሩኝ የኔታ ሲያወሩ ይንተባተቡ ነበር። ውኃ ስጡኝ ለማለት ቀኑ ይመሽባቸው ነበር። ማኅሌት ሲቆሙ ግን… ጸናጽሉን ይዘው ማሸብሸብ ሲጀምሩ ከሳቸው የሚፈጥን አልነበረም። እኔ እንደ ተአምር ነበር የማየው። ለካ እግራቸው ነው።" ቀና ብሎ አዴ ሃሊማን አያቸው። "እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ" አላቸው።

"አሁን አወቅህ፤ ሃዬ፣ ይበቃል" አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሰቅሎ መጽሐፌን ከትራሴ ሥር ያወጣል። ጎን ለጎን እንቆማለን። የሱ ስልት ከሸጎዬው ይለያል፤ ዝግ ያለ ነው፣ ሰውነትን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ያዘነብላል። በየኔታው ሽብሸባ የንባብ መጽሐፍ አነበብኩ። ፈጠን ያለ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ደግሞ ወደ አዴ ሃሊማ ምት እዞራለሁ። አባቴን መጀመሪያ ቅር አለው፤ በኋላ ግን የሱም ተረከዝ መከተል ጀመረ። ሲያቅፈኝ አላስታውስም፤ በዘመኑ አባቶች ብዙም አያቅፉም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ትከሻ ለትከሻ መቆማችን ለኔ ከዚያ በላይ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ ዘይነባ ስትዳር ቤተሰባችን በሙሉ በጭነት መኪና ዋሂል ወረደ። ሜዳው ላይ ረድፍ ገብቼ ስሜን አወጣሁ፤ የማያውቁኝ የዋሂል ሴቶች ተቀብለው መለሱልኝ። አባቴ ከወንዶቹ ጋር ነጠላውን ተከናንቦ ቆሞ ነበር። እየጨፈርኩ ዞር ስል ትከሻው ሲንቀሳቀስ ያዝኩት፤ አቀረቀረና ሳቀ።

ፈተናው የሰኔ መጀመሪያ ሆነ። ዳይሬክተሩ ከጠረጴዛው ኋላ፣ መምህር ታፈሰ አጠገባቸው፣ ልጆቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ተጠራሁ፤ መጽሐፉ ተሰጠኝ። በአዲሱ ሸራ ጫማዬ ወለሉን መምታት ስጀምር መምህር ታፈሰ "ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ አትወዛወዢ" አሉኝ። ቀጥ አልኩ። ወዲያው የጉሮሮዬ በር ተዘጋ። ከንፈሬ ገጠመ፣ አንገቴ ተገተረ፣ ከኋላ አንድ ልጅ "ሜ…" ሲል ሰማሁ። መምህር ታፈሰ በሐዘን ራሳቸውን ነቅንቀው እጃቸውን ወደ መጽሐፉ ዘረጉ።

አልሰጠኋቸውም። እስካሁን ድረስ ያንን ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። መጽሐፉን ደረቴ ላይ ያዝኩና፣ የታዘዝኩትን ትቼ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተረከዜን መታሁ። አንዴ፣ ሁለቴ። ልጆቹ ሳቁ። እየሳቁ ሳሉ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱን ገጽ ጨረስኩ፤ አቁሚ ያለኝ ስለሌለ ሁለተኛውን ገለጥኩ። እሱን ሳጋምስ ሳቁ ቆሞ ነበር። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው "ይበቃሻል፣ ልጄ" አሉ። መምህር ታፈሰ ደጅ ድረስ ተከትለውኝ ወጥተው፣ ከግድግዳው ሥር ይጠብቀኝ ወደነበረው አባቴ ሄዱ። "ማንበብ የማትችል መስሎኝ ነበር" አሉት። "ሁለት ዓመት ወሰድኩባት።" አባቴም "እኔም አፍ ከፈታች ወዲህ ዘጠኝ" አላቸው።

ጨርሶ ዳንኩ አልልም። ዛሬም ስናደድ፣ ዛሬም ስልክ ሳነሣ አልፎ አልፎ ይይዘኛል። ግን ተማርኩ፣ አዋላጅ ነርስ ሆንኩ፣ በዚሁ በድሬዳዋ ሰላሳ ዓመት ሠራሁ። ምጥ የያዛት ሴት አልጋ ላይ ደርቃ ስትጨነቅ አስነሥቼ ትከሻዋን ይዤ አወዛውዛት ነበር፤ ወጣት ሐኪሞች "ከየት የተማርሽው ነው?" ይሉኝ ነበር። ከየት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ እስቅና ወደ ሥራዬ እዞራለሁ።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። አንደበቱ የሚያዝ ልጅ ያላት እናት ባለሙያ ፈልጋ ታማክራለች፤ እሰየው ነው፣ ምላጭ የያዘ ሰው ከበር ከመመለስ ይሻላል። በእንቅስቃሴ ማከም የሚባል ትምህርት እንዳለም የልጅ ልጄ ነግራኛለች። ስለ አዴ ሃሊማ ባጫወትኳት ጊዜ "ታዲያ በዚያን ዘመን ይህን እንዴት ሊያውቁ ቻሉ?" ብላ ተገረመች። እኔም ብዙ ዓመት ይኸው ነበር ጥያቄዬ። አዴ ሃሊማ ሸምግለው ዋሂል ከተመለሱ በኋላ፣ የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ሰሞን፣ ሽቲ የሚባለውን የቀሚስ ጨርቅ ገዝቼላቸው ሄድኩ። እጃቸውን ስሜ፣ አፌን የፈቱልኝ እርስዎ ነዎት፣ ያን ቀን እንደሚያድነኝ በምን አወቁ አልኳቸው። ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ዳበሱት።

"ምን አውቃለሁ፣ ልጄ?" አሉኝ። "ረድፉ አንድ ሰው ጎድሎት ነበር።"