ዓይን ተጨፍኖ የሚጠና እንግሊዝኛ

ወሰንየለሽ ገመዳ እንግሊዝኛ ስታስጠና ቀልድ አታውቅም ነበር። በልብስ ስፌት ማኅበሩ የተማሪ ካኪ ስትሰፋ ውላ ቤቷ ስትገባ፣ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ «እስቲ የትናንቱን በል!» ትለዋለች፣ ታናሽ ወንድሟን ነጋሳን። አንድ ቃል ከጠፋበት ጆሮውን ቆንጥጣ ደግማ ታስብለዋለች፤ ያውም ጢም ያበቀለውን ጎረምሳ።

አይፈረድባትም። ደርግ የብሔራዊ ውትድርናን አዋጅ ካወጣ ወዲህ ናዝሬት ውስጥ ማትሪክ የወደቀ ልጅ ዕጣው የታወቀ ነው። ቀበሌ ስሙን ይጠራል፣ መኪና ላይ ይጫናል፣ ከዚያ ወሬው ከሰሜን ይመጣል ወይ አይመጣም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ይተርፋል፤ ለመግባት ደግሞ እንግሊዝኛ ማለፍ ግድ ነው። ነጋሳ በሒሳብ የሚስተካከለው አልነበረም። የእንግሊዝኛ ምንባብ ሲሰጡት ግን ግማሹ ቃል ባዳ ይሆንበታል። እናታቸው በልጅነታቸው ሞታለች፤ አባታቸውንም ወንጂ ሳሉ ወባ ወስዷቸዋል። ለወሰንየለሽ ነጋሳ ወንድሟም ልጇም ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው ለእሷ ትምህርት ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነበር።

እሷ ራሷ ቋንቋውን የለመደችው ከሚሲዮኖች ነው። ቤተሰቡ ወንጌላውያን ናቸው፤ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው ጴንጤ። ልጅ ሳለች ሚሲዮኖቹ ጥቅስ በቃል ሲያስይዟቸው ክብ ያስቀምጧቸዋል፣ ዓይን ያስጨፍኗቸዋል፣ ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ በኅብረት ያስደጋግሟቸዋል። እንዲያ የያዘችው ጥቅስ አንድም አልጠፋባትም። ለወንድሟም ያንኑ ዘዴ አመጣችለት። «ዓይንህን ከከፈትክ ሐሳብህ ከጋሪው ጋር ነው የሚሄደው» ትለዋለች፤ ቤታቸው የጋሪ መንገድ ዳር ነበርና።

ትንሽ ቆይቶ የክፍል ጓደኛው ሱሌማን ተጨመረ። ሱሌማን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሶላቱን ሰግዶ ይመጣና ከነጋሳ ጎን ቁጭ ይላል። ቁርአን ቤት ያደገ ስለሆነ መወዛወዙ ከባለቤቶቹ በላይ ያምርበት ነበር። ወሰንየለሽ መሀል ቆማ በእጇ እያጨበጨበች ምቱን ትሰጣለች፤ እነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይከተላሉ። «ፐርሲቪራንስ፣ ፐርሲቪራንስ፣ ፐርሲቪራንስ፤ ጽናት!» «ሪላክተንት፣ ሪላክተንት፣ ሪላክተንት፤ የሚያመነታ!» ቃሉ ቀስ በቀስ ገባላቸው። የካቲት ላይ ነጋሳ አንድ ሙሉ ገጽ አንብቦ በአማርኛ ሲነግራት፣ ወሰንየለሽ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው።

ታዲያ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገች ቆይቷል። ጴንጤዎች በየቤቱ ተደብቀው ይጸልያሉ እየተባለ ቀበሌው ጆሮውን አቁሞ ነበር የሚውለው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ የሺዓለም በሴቶች ማኅበር ውስጥ ናቸው። በአጥር ቀዳዳ ያዩትን አዩ፦ ወጣቶች ዓይናቸውን ጨፍነው ይወዛወዛሉ፣ ሰው የማያውቀው ቋንቋ ያነበንባሉ፣ አንዲት ሴት መሀል ቆማ ታጨበጭባለች። በልሳን የሚጸልይ ጴንጤ እንዲህ ነው የሚሆነው ተብሎ በስብሰባ ተነግሯቸው የለ? ሴትዮዋ አልዋሹም፤ ያዩትን ነው ለቀበሌ የተናገሩት። እሳቸው ባይዋሹም ቤቱን አፈረሱት።

ፈተናው ሰኞ ሊጀመር ቅዳሜ ከሰዓት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ገቡ።

«ኧረ እኔ ሙስሊም ነኝ!» አለ ሱሌማን።

«አንተንማ ጭራሽ አስካዱህ!» አለው አንደኛው፣ ከልቡ አዝኖለት። ሦስቱንም ወስደው ቀበሌ አሰሯቸው።

የሱሌማን አባት የመስጊድ ሽማግሌዎችን አስከትለው መጥተው ልጃቸውን ወዲያው አስፈቱ። ለእነ ነጋሳ የሚቆም ሽማግሌ ግን አልነበረም። የእነሱ ሽማግሌዎች ራሳቸው ታስረዋል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አስፋው ክፉ ሰው አልነበረም። የልጆቹን ካኪ የምትሰፋው ወሰንየለሽ ናት። «ስሚ» አላት፣ «እንግሊዝኛ ነው ያልሽውን አምኜሻለሁ። ግን ጴንጤነትሽን መቼም አትክጂም። እኔም ከበላይ እጠየቃለሁ። ግራ እጅሽን አንሺና ‹ከሁሉ በላይ አብዮት!› በይ፤ ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ነጋሳ ሳይጠየቅ እጁን አንሥቶ ጮኸ።

«አንተ ጎበዝ። ግን ቤቱም የእሷ ነው፣ አስተማሪዋም እሷ ናት። እሷ ካላለች ሁለታችሁም አትወጡም።»

ወሰንየለሽ እጇን አላነሣችም። ከሁሉ በላይ ማን እንደሆነ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ያንን ስፍራ ለሌላ መስጠት ሞት መሰላት። ደግሞም እግዚአብሔር እስከ ሰኞ በሩን እንደሚከፍት ቅንጣት አልተጠራጠረችም። አስፋው ትከሻውን ነቅንቆ ሁለቱን በየክፍላቸው አስቆለፈባቸው።

በሴቶቹና በወንዶቹ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ነው፤ ሲያስነጥሱ እንኳ ይሰማል።

«እትዬ» አለ ነጋሳ እሑድ ረፋድ ላይ።

«አቤት የኔ ጌታ።»

«ነገ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ጸልይ።»

«ጸልዬአለሁ። አንቺም እጅሽን አንሺ። እግዜር ልብ ነው የሚያየው።»

«ጴጥሮስን ከወህኒ ያወጣ አምላክ እኛን ያቅተዋል? ይልቅ የዓርቡን በል።»

ነጋሳ ግድግዳውን አንድ ጊዜ በጡጫ መታው። ከዚያ «እሺ እትዬ፣ እንደ ልብሽ ይሁን» አለና ቃሎቹን ጀመረ። አንዱንም አልሳተ። እሷም በዚያኛው በኩል ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እያጨበጨበች ተቀበለችው። ዘበኛው በሩን በሰደፍ እየደበደበ «አሁንም ትጸልያላችሁ!» ብሎ እስኪጮህባቸው ድረስ ቀጠሉ።

ሰኞ ጠዋት ጴጥሮስን ያወጣ መልአክ አልመጣም። የመጡት ተማሪዎች ናቸው። በቀበሌው አጥር ጥግ ወደ መፈተኛው ሲያልፉ ድምፃቸው ይሰማል፤ አንዷ «ካርዴን ረሳሁት!» ብላ ወደ ኋላ ትሮጣለች፣ ሌሎቹ ይስቁባታል። ወሰንየለሽ ቁጭ ባለችበት ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። የኮቴው ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ ብድግ አለችና በሩን በጡጫ ደበደበች። ግራ እጇን እስከ ጣሪያው ዘርግታ «ከሁሉ በላይ አብዮት! ከሁሉ በላይ አብዮት!» ብላ ጮኸች።

ዘበኛው በመስኮቱ ብቅ አለ። «ምነው ዛሬ?»

«ብያለሁ! ሰምተሃል፣ ብያለሁ! ልጁን አስወጣው!»

«ጓድ ሊቀ መንበር ሞጆ ስብሰባ ሄደዋል። ያለ እሳቸው ትእዛዝ ማን ይፈታል?»

እሷ ግን አላቆመችም። ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ እጇን አንሥታ ያንኑ ጮኸች። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ነጋሳ ሁሉንም ይሰማ ነበር።

አስፋው ሲመሽ ተመልሶ አስፈታቸው። ከልቡ አዘነ። «ቅዳሜ ብትዪው ምን ነበረበት?» አላት። የእንግሊዝኛው ፈተና በዚያው ቀን ተሰጥቶ አልፏል፤ ያለ እንግሊዝኛ የቀረውን መፈተን ትርጉም አልነበረውም።

ክረምት ላይ የነጋሳ ስም ተጠራ። ወሰንየለሽ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ የመጫኛው ሜዳ ድረስ ሸኘችው። መንገዱን ሙሉ ቢሰድባት፣ ቢረግማት ስትመኝ ነበር፤ እሱ ግን ስለ ዝናቡ ሲያወራ ቆየ። መኪናው ሊነሣ ሲል «ነጋሳ፣ አንተን ለዚህ የዳረግሁህ እኔ ነኝ» አለችው።

«አይደለም» አላት፣ ጉንጯን ስሞ። «እሑድ እምቢ ስትዪ መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ግን ኮራሁብሽ። እህቴ እንዲህ የምታምነው ነገር ካለ ፈተናውም ይቅር፣ ብዘምትም ልዝመት ብዬ ቆርጬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ስትጮኺ ስሰማ ነው ሁሉም በከንቱ የሆነብኝ።»

ይህን በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ወዲያው መኪናው ተነሣ።

ከአፋቤት ውጊያ በኋላ ወሬው ጠፋ፤ ደርግ ሲወድቅም ከተመለሱት መካከል አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኗ ተከፍታ፣ «ስለ እምነቷ የታሰረችው እህታችን ወጥታ ትመስክር» ተብሎ የወሰንየለሽ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ሰው ሁሉ ዞሮ እያያት እያጨበጨበ ጠበቃት። እሷ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።