የጾም ቀን ኪኒን

«ይሄ ምላስሽ አንድ ቀን ሰው ይገድላል» ትለኝ ነበር እናቴ። ደብረ ታቦር መጥቼ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እዚህ ሊገድል ትንሽ ነበር የቀረው።

እማሆይ ፈንታነሽ ከጉና ተራራ ግርጌ በወር አንድ ጊዜ ይመጣሉ። ባላቸው ሲሞቱ መነኮሱ፤ አንድ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ። ሕመማቸው የደም ካንሰር ነው፤ ነጭ የደም ሴሎቻቸው ያለ ልክ እየተባዙ አንገታቸውን ያሳብጡታል። መድኃኒታቸው ሴሎቹን «ተባዙ» የሚላቸውን መልእክት ያግዳል። ጨርሶ አያድንም፤ በየቀኑ ከተዋጠ ግን በሽታውን አደብ ያስገዛዋል።

መጀመሪያ በቀን ሦስት ካፕሱል ታዘዘላቸው። የአንገታቸው እብጠት ሟሟ፤ ግን ነስር ያዛቸው። ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ አይገባምና አራት ወር ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ። ጎረቤቱም «ይተላለፋል» ብሎ ሸሻቸው። ሐኪማቸው ዶክተር እንዳልካቸው ወደ ሁለት ሲያወርድላቸው ነስሩ ቆመ፤ እማሆይም ገቡ። መግባታቸውን ሊነግሩኝ ብቻ ያን ሁሉ መንገድ መጡ።

የካቲት መግቢያ ላይ ስልሳ ፍሬ ስሰጣቸው የካፕሱሉ ልባስ ከምን እንደተሠራ ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ዕውቀቴን የማሳየው ሰው አጥቼ ነው መሰለኝ፣ ከከብት አጥንትና ቆዳ እንደሚወጣ አንድ በአንድ ተነተንኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ጴንጤ ቤት ነው፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት እንደቀረው ትዝም አላለኝ።

መጋቢት ላይ ሲመጡ እብጠቱ ተመልሷል። ዶክተሩ ሁለቱ አልበቃቸውም ብሎ እንደገና ሦስት አዘዘ። ማዘዣውን በመስኮቴ አቀበሉኝ።

«እንግዲህ ደጅ እንደቆምኩ ልሙታ» አሉ።

እኔ አሮጌውን ብልቃጥ ሳላይ አዲስ አልሰጥም፤ በዚህ ነገር ድርቅ ያልኩ ነኝ፣ ሰውም አይወደኝም። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጡኝ። ስቆጥር ከስልሳው ሃምሳው እንዳለ ነው። ደሜ ፈላ፤ መሞት ከፈለጉ እዚህ ድረስ ለምን እንደሚደክሙ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን ረጋ ብለው ረቡዕና ዓርብን ሲዘሉ እንደነበር፣ ጾሙ ሲገባም ጭራሽ እንደተዉት ነገሩኝ። የከብት ነገር በጾም አይቀመስማ!

ይህን የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ታዲያ ለምን ሰው እንዳልጠየቁ ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ማንን ልጠይቅ ልጄ? ወር ሙሉ የምታናግሪኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ያልሽውን ያዝኩ።»

መስኮቱን ዘግቼ ዶክተሩ ዘንድ ሮጥኩ። ሁለቱ አንሰው ሳይሆን ሳይዋጡ ቀርተው እንደሆነ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። ማዘዣውን ቀድዶ ሁለት ብሎ ጻፈ። ለማስቸገር ያፈሯቸውን የንስሐ አባታቸውን ራሴ ደውዬ አገናኘኋቸው፤ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፣ ዋጪ አሏቸው። እማሆይ ግን ከቅዳሴ በፊት አይሆንም ስላሉ፣ በየቀኑ ቅዳሴ ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊውጡ ተስማማን።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እደውላለሁ። «ዋጡ?» እላለሁ፤ «ዋጥኩ» ይላሉ፤ ሌላ ወሬ የለንም። ለፋሲካ እብጠቱ ጎደለ፣ ነስርም አልመጣም።

ግንቦት ላይ ጉንፋን ጥሎኝ ከተከራየኋት ክፍል ሳልወጣ ሁለት ቀን ሆነኝ። ከሥራም የጠየቀኝ የለም። መደወሉንም ረሳሁት። ዘጠኝ ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ዋጥኩ» አሉ እማሆይ። ቀጥለውም፣ «አንቺስ፣ እህል ቀምሰሻል?»

በዚህ ከተማ ሁለት ዓመት ስኖር ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አልቀመስኩም አልኩና አለቀስኩ። እሳቸውም ሒሳባቸው እስኪያልቅ ስልኩን አልዘጉም።