የመጨረሻውን መስመር ያነበበችው ሙሉጌጥ

ሙሉጌጥ ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ነቃች። አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች ከተያዙት የመሥሪያ ሼዶች አንዱን ለማግኘት የቀራት አካል ጉዳተኛነትን የሚያጣራው ኮሚቴ ማረጋገጫ ብቻ ነው። ሼዱ ደግሞ ከቤቷ አፍንጫ ሥር! እስከዚያ ቀን ፎቶ ኮፒ የምታነሳው መሃል ከተማ በተከራየችው ክፍል ነበር። ሲመሻሽ ዋናውን አስፋልት ስትሻገር ባጃጅ ከጎኗ ዱብ ይልባታል። በሦስት ዓመት ሁለት ጊዜ ተገጭታለች።

ዓይኗ ፊት ለፊት ያለውን አጥርቶ ያያል፤ ግራና ቀኙ ግን የለም። በቀርከሃ ቀዳዳ አሾልቆ እንደማየት ነው። አባቷም እንዲሁ ነበሩ። ሰው «አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ኩሩ» እያላቸው ኖረው፣ ሕመማቸው በአንድም መዝገብ ሳይሰፍር አረፉ።

ሙሉጌጥ ሰው ፊት ተደናቅፎ ከመውደቅ ሞት ይሻላል ባይ ናት። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ጓደኛዋን ሳያትን ይዛ የኮሚቴው ቢሮ ድረስ ሄደችና መንገዱን አጠናች። ከበሩ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት ደረጃ፣ ወደ ግራ ዘጠኝ እርምጃ፣ ከዚያ ወንበር።

ማክሰኞ ቀጥ ብላ ገብታ፣ አንድ ዕቃ ሳትነካ ተቀመጠች። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጌታቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ እንድታነብ ጠየቋት። እስከ መጨረሻው መስመር አንበለበለችው።

«የኔ እህት፣ እሱን መስመር እኔ በመነጽሬም አላነበው!» ብለው ሳቁ። «ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ዓይን አለሽ፣ ተመስገን በይ።»

«ጋሼ፣ ግራ ቀኙን አላይም እኮ!»

«ስትገቢ እንደ ሙሽራ ነበር ቀጥ ብለሽ የገባሽው።»

በር ላይ የቆመችው ሳያት አላስቻላትም። «ቆጥራ ነዋ! ትናንት እርምጃውን በቃሏ ስታጠና ነው የዋለችው!»

«አንቺ! ዝም አትዪም?» ሙሉጌጥ ኩምሽሽ አለች።

አቶ ጌታቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ለምን ቆጠርሽ?»

«እናንተ ፊት እንዳልወድቅ።»

«እኔ ደግሞ ስትገቢ እጄን ለሰላምታ ብዘረጋልሽ ጥለሽኝ አለፍሽ! ‹የዛሬ ልጆች ንቀታቸው› ብዬ እስካሁን ውስጤ ሲበግን ነበር።»

«ውይ በሞትኩት! በየት በኩል?»

«በቀኝሽ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የመዝገብ ሠራተኛዋ ዮዲት ግን መመሪያውን ገልጣ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ ነበር።

«ጋሽ ጌታቸው፣ የአካል ጉዳተኛ ትርጉሙ እኮ ‹ፊደል የማያነብ› አይልም። የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ያለበትና፣ ጉዳቱ በዙሪያው ካለው መሰናክል ጋር ተዳምሮ ከሌላው እኩል እንዳይሠራ የሚያግደው ሰው ነው የሚለው።»

«የእሷ መሰናክል ምንድን ነው ታዲያ?»

«ባጃጅ!» አለች ሳያት።

አቶ ጌታቸው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ቅጹን ሳቡ። ስለ ዓይን ያሉት ሳጥኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ «ዓይነ ስውር» እና «የሚያይ»። ሁለቱንም ተዉና በኅዳጉ ላይ «የእይታዋ ስፋት በሐኪም ይለካ» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙበትም።

ሐሙስ ተለካ። ሐኪሙ የእይታዋን ክልል በወረቀት ላይ ሲሥለው ከሳንቲም የማይበልጥ ክብ ሆነ። ዓርብ ጠዋት ኮሚቴው ማረጋገጫውን ሰጣት፤ በሳምንቱ የሼዱ ቁልፍ እጇ ገባ።

«የኮፒ ማሽኑን ዛሬውኑ እንጫነው!» አለች ሙሉጌጥ።

«ነገ አይሻልም? ባለጋሪው ምሳ ላይ ነው» አለች ሳያት።

«ምሳውን እኔ እጋብዘዋለሁ! ገና ሰባት ሰዓት እኮ ነው፣ ፀሐዩን አታዪም?»

ማሽኑን በጋሪ ጭነው መንገድ ላይ ሳሉ የሙሉጌጥ ስልክ ጮኸ። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስባዛ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

«እትዬ፣ ሱቁ ተዘግቷል፤ የት ነሽ?»

«አዲስ ከተማ ና!» አለች እየሳቀች። «ቀድመኸን ከደረስክ ሽፋኑን በነጻ ነው የማነሳልህ!»