የኔታን በዲናሞ ወደ ቤተ ልሔም

ንጋት፣ ንፋስ መውጫ

ገና ሳይነጋ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የአሮጌ ላንድክሩዘር ኮፈን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የኋላው ወንበር ላይ የተኙት የኔታ ናቸው፤ የቤተ ልሔም ደብር የድጓ ዜማ መምህር። ሳንባቸው ደክሟል፤ ያለ ኦክስጅን መሣሪያ ብዙ አይቆዩም። «ቤቴ ልግባ» ብለው ሐኪሞቹን አስጨነቁ። ቤታቸው መብራት አለ፤ መንገድ ላይ ግን መሣሪያውን የሚያሠራው የመኪናው ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። እኔም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝና ተጠራሁ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞ ላይ ሰማንያ አምፒር ተጽፏል፤ አርጅቷልና ስድሳ በሉት። ለሞተሩ፣ ለፊት መብራቱ፣ ለዝናብ መጥረጊያውና ለማሞቂያው ሠላሳ ቀነስኩ። ሠላሳ ተረፈ። መሣሪያው የሚፈልገው ሃያ አምስት ነው። ችግሩ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው ግማሹን እንኳ አይሰጥም።

«ኢንጂነር፣ ትርፍ አለን ወይስ የለንም?» አለ ሾፌሩ ይርጋ። ኢንጂነር የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ነው።

«አለን። ብቻ እንዳትቆም።»

ረፋድ፣ ኮረኮንቹ ላይ

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ወሬው በስልክ ቀድሞናል። ከየመንደሩ ሰው አረሙን ትቶ መንገድ ላይ ወጥቷል። ነጠላ ለብሰው፣ ጭቃ ረግጠው፣ መኪናውን ከበው የኔታን ጉልበት ይስማሉ። ይሄን በሒሳቤ አላስገባሁትም።

«የኔታ፣ እንለፍ እንጂ!» አለች አብራቸው ያለችው የእህታቸው ልጅ አበባ።

«ሊስሙኝ መጥተው እንዴት አልፋለሁ? ቁም ልጄ» አሉ ይርጋን።

በቆምን ቁጥር ባትሪው ይወርዳል። ተናደድኩ፤ ግን የኔታን ማን ይቆጣል?

እኩለ ቀን፣ ጉም

ገደሉ አፋፍ ላይ ጉም ዋጠን። ቀን ሆኖ ሳለ መብራታችን ከአፍንጫችን አላለፈም። ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም። የባትሪውን ኃይል ለመሣሪያው የሚቀይረው ኢንቨርተር መጮህ ጀመረ፤ ሊጠፋ ነው ማለት ነው።

«መብራቱን አጥፋ» አልኩት ይርጋን። «መጥረጊያውንም፣ ማሞቂያውንም። በአንደኛ ማርሽ ሆነህ ነዳጅ ስጠው።»

«በግራ በኩል እኮ ገደል ነው!»

«ወይ መብራቱ ወይ ትንፋሻቸው።»

አጠፋው። ሞተሩ ሲጮህ የኢንቨርተሩ ጩኸት ቆመ። አሁን ግን ምንም አይታየንም። ወርጄ በእግሬ ልመራ በሩን ስከፍት ከፊታችን የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። ዜማ ነው።

«ተማሪዎቻቸው ሊቀበሏቸው ወጡ!» አለች አበባ።

ይርጋ ድምፁን ተከተለ። ድምፁ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እኛም ታጠፍን። አይርቅም፣ አይቀርብም። «ማን ነህ?» ብዬ ተጣራሁ፤ ዜማው አልተቋረጠም። የእግር ኮቴ ግን የለም። ፈራሁ፤ ጸጉሬ ቆመ። ዞሬ ሳይ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ብርድ ልብሱን ይመታሉ፤ ከዜማው እኩል።

ከሰዓት፣ ቤተ ልሔም

ጉሙ ሲሳሳ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ታየን። ድምፁም ቆመ። ተማሪዎቹ ደበሏቸውን ደርበው የኔታ በር ላይ ተቀምጠዋል።

«መርቶ ያመጣን የትኛው ነው? እጁን ልሳም» አለ ይርጋ።

ትልቁ ተማሪ ግራ ገባው። «ከዚህ ተነሥቶ የሄደ የለም። የኔታ ታመው ከሄዱ ወዲህም ያዜመ የለም።»

ሞተሩን ሳናጠፋ ከቤት ሽቦ ዘረጋሁ። የኔታ ጭንብሉን ዝቅ አደረጉ።

«የመሩን የኔ መምህር ናቸው» አሉ። «ከሞቱ ቆዩ።»

አበባ ጮኸች። «ሊወስዱዎ ነው የመጡት?»

«እኔም መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተከተልኳቸው። ደጄ ስንደርስ ግን ‹ግባ፣ ልጆችህ ሥራ ፈትተዋል› ብለው ተቆጡኝ።»

ጥቂት ተነፈሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«በል ሶኬቱን ሰካውና ልጆቹን ጥራልኝ።»