የርብ ድልድይ እሽቅድምድም

የእህቴ ልጅ ባህር ዳር ወዳለው ቤቱ ወስዶኝ አንድ የጃፓን ፊልም አሳየኝ። ታሪኩ መጀመሪያ በሥዕል የተሠራ መጽሐፍ ነበር አለኝ፤ ኋላ ነው ሰዎች ተውነውት ፊልም የሆነው። ጎረምሶች በትንንሽ መኪና ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ላይ ይሽቀዳደማሉ። መኪናው መታጠፊያው ላይ በጎኑ ይንሸራተታል፣ ጎማው ይጮሃል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የተሸነፈው ልጅ ወርዶ ያሸነፈውን ይጨብጣል። ደም የለም። የኔ እጅ ግን የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ አልለቅም አለ።

«አጎቴ፣ እርስዎና አባቴ እንዲህ ትሽቀዳደሙ ነበር ይላሉ። እውነት ነው?» አለኝ።

አባቱ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። በሕይወት ሳለ ይህን ነገር ከአፌ እንዳላወጣ ቃል አስገብቶኝ ስለነበር፣ ልጆቹ ሁሉ የአባታቸው እግር ጎማ ፈንድቶ የተቆረጠ ይመስላቸዋል። ፊልሙን አስጠፋሁትና ሁሉንም ነገርኩት። እዚህ የምጽፈውም ያኔ የነገርኩትን ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ዜማ ሊያስተምሩኝ ብዙ ደክመዋል፤ ጾመ ድጓውን ሳልጨርስ ግን ለውትድርና ተወሰድኩ። ሰሜን፣ ጦሩ ውስጥ፣ መኪና መንዳት ተማርኩ። ጭኔን ቆስዬ ስመለስ አንድ የወረታ ነጋዴ ላንድሮቨሩን እንድነዳ ሰጠኝ፤ በገበያ ቀን ከወረታ ይፋግ ሰው ማመላለስ ያዝኩ።

የእህቴ ባልም ሹፌር ነበር፤ የሌላ ነጋዴ ላንድሮቨር ይነዳል። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። እኔ እስክመጣ ድረስ በዚያ መንገድ የሚቀድመው አልነበረም።

ከወረታ እስከ ርብ ወንዝ ሜዳ ነው። መንገዱ ጠጠር፣ ግራና ቀኙ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር። ድልድዩ ግን ጠባብ ነበር፤ ከአንድ መኪና በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ድልድዩ ላይ የቀደመ፣ ቀደመ ነው። ሌላው እስከ ይፋግ አቧራ ሲቅም ይሄዳል፤ ገበያው ሲፈታም የሚጭነው ሁለተኛ ነው። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። ሳንነጋገር ሁለታችንም የገበያውን ቀን መጠበቅ ጀመርን። ተሳፋሪውም ለመደው፤ ሴቶቹ ያማትባሉ፣ ወንዶቹ ሸራውን እየደበደቡ «ንዳው» ይላሉ።

መጀመሪያ የቀደምኩት ቀን፣ ይፋግ ወርጄ ራዲያተሩ ውስጥ ውኃ ስጨምር የእህቴ ባል መጣና በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ።

«ታላቅህ ነኝ፣ እህትህንም ያገባሁ ነኝ። ሰው ጭነህ እንዲህ አትነዳም» አለኝ።

እሱ ራሱ እንደዚያው ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ነጋዴው ሁሉ ያየናል። ማኒቬላው፣ ሞተር የምናስነሳበት ቆልማማ ብረት፣ እጄ ላይ ነበር፤ ሰነዘርኩት። ቅንድቡ ተከፈለና ነጭ አጥንት ታየኝ፤ ወዲያው ደሙ ሸፈነው። አልወደቀም። ማጅራቴን ይዞ ፊቴን ከመኪናው አፍንጫ ጋር ሁለት ጊዜ አጋጨው፤ ሁለት የፊት ጥርሶቼ እዚያ ቀሩ። አብዮት ጠባቂዎች ደርሰው በሰደፍ ለያዩን፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አንበርክከው ገረፉን። ጎን ለጎን ነበርን። አንዳችንም አልጮኽንም። እኔ ዝም ያልኩት እሱ ዝም ስላለ ነው። እሱም በኔ ምክንያት ዝም እንዳለ ከብዙ ዓመት በኋላ ነገረኝ።

በማግስቱ እህቴ መጣች። ፊቴን አየችው።

«የሱን ሳጥብ ነው የዋልኩት» አለች። «ስትገዳደሉ የማንን ለቅሶ ልቀመጥ?»

የጥርሶቼን ቦታ በምላሴ ነካሁ።

ነገሩ የለየለት በዚያው በጋ ነው። ጠዋት እሱ ቀድሞኝ ተነሳ። እህቴ ከይፋግ የምትገዛው ነበራትና ከጎኑ ተቀምጣ ነበር፤ እኔ መሳፈሯን አላየሁም። በኔ መኪና ጋቢና ውስጥ የበርበሬ ከረጢት እንጂ ሰው የለም፤ ተሳፋሪው በሙሉ ከኋላ፣ ሸራው ውስጥ ነው።

አቧራው ውስጥ ገብቼ ተከተልኩት። የሚታየኝ የኋላ በሩ ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው። ድልድዩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከብቶች ከግራ በኩል ወደ መንገዱ ወጡ። እሱ ፍሬን ያዘ። እኔ አልያዝኩም። በቀኙ በቀረችው ክፍተት ገባሁና ጎን ለጎን ሆንን።

እህቴን ያየኋት ያኔ ነው። የሷ መስኮት ከኔ መስኮት አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። መዳፏን አንስታ አሳየችኝ፤ ተው ማለቷ ነው።

መዋሸት አልፈልግም። አይቻት ነው መሪውን ወደ ግራ የጠመዘዝኩት።

ብረቱ ተፋጨ። መኪናቸው አንድ በሬ ጥሎ ከመንገዱ ወጣ፤ ከታች ያለው ጥቁር አፈር ላይ ሁለት ጊዜ ተገለባበጠ። ሸራው ሲቀደድና ሰው ሲበተን በመስታወቱ አየሁ። ድልድዩን ተሻገርኩ።

ከኋላዬ ብረቱን እየደበደቡ «አቁም፣ አቁም» ይላሉ። አላቆምኩም። ለምን እንዳላቆምኩ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ሁልጊዜ የማገኘው መልስ አንድ ነው፤ ቀድሜ ነበር። ይፋግ ደርሼ ሞተሩን ሳጠፋ ጣቶቼ ከመሪው አልላቀቅ አሉ።

ከሸራው የወረዱት ተሳፋሪዎች አላቀቋቸው። ከዚያኛው መኪና ላይ ወንድም፣ ሚስት፣ ጎረቤት የነበራቸው ናቸው። እግሬን ይዘው መሬት ጣሉኝ። በዱላ መቱኝ፣ በሚዛን ድንጋይ መቱኝ። አንዱ ደረቴ ላይ ወጥቶ ጭቃ እንደሚያቦካ ሰው ረገጠኝ፤ ሦስት የጎን አጥንቶቼ የተሰበሩት በሱ ነው። ግራ ዓይኔን ምን እንዳገኘው አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ዓይን ብርሃን እንጂ ሰው ለይቼ አላውቅም። ዝም ብዬም አልተመታሁም። ነከስኩ። የአንዱን ጣት ቀጭ እስኪል ጠመዘዝኩት። ኋላ ግን እጄም አልታዘዝ አለኝ።

በሬው ሞተ። ሰው አልሞተም፤ ብዙው ግን ተሰብሯል። የእህቴ ክንድ ወልቆ በወጌሻ ተመለሰ። የባሏ ግራ እግር መኪናው ሥር ተጨፍልቆ ነበርና ጎንደር ወስደው ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ፍርድ ቤት ስንቀርብ የኔ ተሳፋሪዎች «ግጭት ተሰማን፤ ማን ማንን እንደመታ በሸራው ውስጥ ሆነን አላየንም» አሉ። የሱዎቹም እንደዚያው። ያየችው እህቴ ብቻ ናት። ዳኛው ሲጠይቋት ክንዷን በነጠላ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ወደኔ አልዞረችም።

«አቧራ ነበር፣ ጌታዬ። ምንም አላየሁም» አለች።

ባሏ በሁለት ክራንች ተደግፎ ነበር። አተኩሮ አያት። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞሮ «ጎማ ፈነዳብኝ። መንገዱን ስቼ የገጨሁት እኔ ነኝ» አለ።

ተለቀቅኩ። በበሩ ስወጣ ቀስ ብሎ አናገረኝ።

«መንግሥት እንዲያስርልኝ አልፈልግም። ቁስሌ ሲደርቅልኝ ራሴ እመጣለሁ።»

ቁሐር ገብቼ ለአባቴ ነገርኳቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«አይተሃታል?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ። አይቻታለሁ።»

«እንግዲያ የትም አትሄድም። እመጣለሁ ካለ ይመጣል። ቆመህ ጠብቀው» አሉና ገቡ። ከዚያ በኋላ እስኪመጣ ድረስ አላነጋገሩኝም።

የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በበቅሎ፣ እህቴ ከኋላው በእግሯ። እኔ የበረቱን አጥር እጠግን ነበር። ወረደና በአንደኛው ክራንች ቆሞ በሁለተኛው መታኝ። የመጀመሪያው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ሁለተኛው ክርኔን አገኘው። ሲመታ ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል፤ በጉልበቱ ተነስቶ ደግሞ ይመታኛል። ጎረቤቶች ሊገላግሉ ሮጡ። አባቴ መቋሚያቸውን አግድመው ቆሙባቸው።

«ተዉት፤ ይጨርስ» አሉ። መሪጌታ ናቸውና ማንም አላለፋቸውም።

እጄን አላነሳሁም። ጀግንነት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ዱላዎች ለመሸሽ ፈልጌ ነበር፤ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ። ክራንቹ ጀርባዬ ላይ ለሁለት ተሰበረ። የስባሪው ጫፍ ሹል ሆነ። አንጋሎ ጥሎኝ ላዬ ላይ ወጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ተከለው፤ ቆዳዬን ሲበሳና ደሙ ወደ ማጅራቴ ሲወርድ ተሰማኝ። ፊቱ ከፊቴ በላይ ነው፤ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ቀልቷል።

«አይተሃት ነበር?» አለኝ።

ሊያውቅ የመጣው ይህን ነው። እህቴ አልነገረችውም ነበር።

«አይቻት ነበር» አልኩት።

ስባሪውን ትንሽ ገፋው። እህቴ ከኋላው መጥታ በደህናው ክንዷ ትከሻውን ያዘችው። ስባሪውን ጣለና ከላዬ ላይ ተንከባልሎ ወርዶ ተቀመጠ፤ ያች የተቆረጠች እግሩን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። አባቴ ፊታችን ቆሙ።

«በዚህ ይብቃ። ከዛሬ ወዲያ በዚህ ነገር እጁን ያነሳ ከቤቴ አይደርስም፤ ቀብሬ ላይም አይቆምም» አሉን።

ሁለታችንም ዳግመኛ መኪና አልነዳንም። እሱ ወደ እናቱ ቀዬ ተመልሶ ከገበሬ ማኅበሩ መሬት ተሰጠው፤ የሚያርስለት ግን አልነበረም። ትከሻዬ ሲገጥም በጠመመው ክንዴ በሬዎቹን ጠምጄ ሄድኩ። አልከለከለኝም፤ አላናገረኝም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያየኝና ለእህቴ ይነግራታል፤ «ማረሻው ጠልቋል በይው» ይላል። እሷ ትደግምልኛለች፣ እኔ አስተካክላለሁ። አንድ ክረምት እንዲህ አለፈ።

በሁለተኛው ክረምት እህቴ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ አልነበረችም። እሱ እዚያው ድንጋዩ ላይ ነው። ብዙ አረስኩ። መልእክት የሚያደርስለት ሰው ስላጣ ጉሮሮውን ሲጠርግ ይሰማኛል።

«ግራው በሬ ደክሟል። ፍታው» አለኝ።

ፈታሁት።