ያለ ኳስ የሮጠ ነጥብ

በደርግ ዘመን ሮም የነበርን ሐበሾች በፖለቲካ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ስላቃተን በፍሊፐር ተስማማን። ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር ከአንድ ቡና ቤት ጥግ የቆመ የጨዋታ ማሽን ነበር። ከመስታወቱ ሥር የብረት ኳስ ይንከባለላል፤ ተጫዋቹ በግራና በቀኝ ያሉትን ሁለት መምቻዎች በቁልፍ እያንቀሳቀሰ ኳሱ እንዳይወድቅ ይከላከላል። የቤት ሠራተኞች ሐሙስ ከሰዓት ስለምናርፍ ውድድሩም ሐሙስ ነበር። ዳኛ ያደረጉኝ የየትኛውም ድርጅት አባል ስላልነበርኩ ነው። አክብረውኝ እንዳይመስላችሁ።

ማሽኑ ያረጀ ስለነበር አመሉን እናውቀዋለን። ኳሱ ምንም ሳይነካ ቆጣሪው በራሱ ነጥብ መቁጠር ከጀመረ ተጫዋቹ ኳሱን ለቅቆ ዳኛ ይጠራል፤ የዚያ ኳስ ነጥብ ተሰርዞ እንደገና ይጫወታል። በዚህ ሁሉም ተስማምቶ ነበር። ሊቀመንበሩም ጭምር።

ሊቀመንበሩ የምለው የመረዳጃ ማኅበራችንን ነው። ለፍጻሜ የደረሰው እንደኔው ሰው ቤት ከምትሠራ አንዲት ልጅ ጋር ነበር። ያሸነፈው በሰፈሩ ቡና ቤቶች ውድድር ከጣሊያኖቹ ጋር ይጋጠማል። ልጅቷ ለዚያ ቀን አሠሪዋን ሲኞራ ለምና ፈቃድ ይዛ ነበር፤ በፍጻሜውም ቀድማ ተጫውታ ትመራዋለች። እሱ የመጨረሻውን ኳስ ሲጫወት ቆጣሪው ብቻውን መሮጥ ጀመረ። ሰውየው ኳሱን በመምቻው ደግፎ አቆመና በሌላ እጁ ሲጋራ አወጣ።

«ልቀቀው» አልኩት።

«እህቴ፣ ማሽኑ ከወደደኝ እኔ ምን ላድርግ?»

«ይኸውላችሁ፣ ማሽኑም ለሊቀመንበር ያጨበጭባል» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቁ።

የልጅቷን ነጥብ እስኪያልፍ ድረስ አልለቀቀም። ሰረዝኩበት፤ እንደገና ተጫወት አልኩት። አልጫወትም አለ። እንግዲያው አሸናፊዋ እሷ ናት አልኩ።

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። የኛ ሰዎች ግን ሽማግሌ ሰየሙ። ለፍሊፐር። ለትምህርት ሮም የመጡ አንድ አባ ነበሩ፤ እሳቸውን ጠሩና ልጅቷንና ሰውየውን እንደ ተጣሉ ባልና ሚስት ግራና ቀኝ አስቀመጧቸው።

«ልጄ» አሉኝ አባ፣ «ሰው ከሚቀየም ነጥቡ ቢቀር አይሻልም?»

«አባ፣ የተጣላ የለም እኮ። ቆጣሪው ነው የተበላሸው።»

«ትልቅ ሰው ነው። በሰው ፊት አዋርደሽዋል።»

«እርስዎ ጨዋታውን አይተዋል?»

«አላየሁም። የመጣሁት ለማስታረቅ ነው።»

የወሰኑት ይህን ነው፦ ልጅቷ ታናሽ ናትና ትተውለት፤ እሱ እንደ እህቱ ይያት፤ እኔ ደግሞ ይቅርታ ልጠይቅ። ልጅቷ አልቅሳ እንኳን አላየኋትም። ተነሥታ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አደረጋት፤ ቤቱ በሙሉ እንደ ሰርግ ደስ አለው። እኔ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ያኔ የወጣልኝ «ደረቅ» የሚል ስም እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ከጣሊያኖቹ ጋር ሊጫወት እሱ ሄደ። እኔም ሲሸነፍ ለማየት ሄድኩ፤ አልደብቅም። እዚያ ኳሱ ማሽኑ ውስጥ ካለ አንድ ምሰሶ ጀርባ ተሸጎጠበት። ዳኛ መጥራት ሲገባው ማሽኑን ይዞ ነቀነቀው። ዳኛው ወጣት ጣሊያን ነበር፤ ፊቱን እንኳን ሳያየው ኳሱ አይቆጠርም አለ። ሊቀመንበራችን «ቫ ቤኔ»፣ ይሁን፣ ብሎ እጁን ከማሽኑ አነሣ። ደግሞ ፈገግ አለ።

ስንመለስ ትራም ውስጥ አጠገቡ ቆምኩ።

«ሽማግሌ አልላክህበትም?»

«ተይ እንጂ። እነሱ እኮ ሕግ አላቸው።»

«የኛስ ምን ነበር?»

«የኛማ በመካከላችን ነው» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ዳኚልን ብለው ላኩብኝ። አልሄድኩም፤ ከዚያ በኋላም ሄጄ አላውቅም። ማሽኑ እንዳሻው ሲቆጥር፣ እነሱም ሲታረቁ ኖሩ።